ጥያቄ ሠላሳ አንድ

ስም አይጻፍም አልኳት።
ቁጥር ብቻ ነሽ፣ መቶ አራት፤
ሄርማታ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣
ሰማያዊ የቆርቆሮ በር።

ዝናብ ነበር። የጅማ ዝናብ፣
ሳያስጠነቅቅ መጥቶ እንደ ዘመድ የሚከርም።
ባጃጁ ጭቃውን ፈርቶ አስፋልት ዳር ጥሎኝ ሄደ፤
መጠይቁን በፌስታል ጠቅልዬ፣
ጫማዬን በሩ ላይ አውልቄ ገባሁ።

“ለብቻችን የምንሆንበት ቦታ ይኖራል?”
እንዲህ በሉ ተብለናል ሥልጠናው ላይ፣
ሦስት ቀን፣ በሆቴል አዳራሽ፣ በሻይ በብስኩት።
ሳቀች።
ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ መሐሉ መጋረጃ፣
ከመጋረጃው ማዶ አማቷ፣
መቁጠሪያቸው ጠቅ… ጠቅ…
“ለብቻ” ይላል ወረቀት፣ ቤት አይቶ የማያውቅ፤
እዚህ ሳል እንኳ የጋራ ነው፣ እንኳን የትዳር ጭንቅ።

በርጩማ ሰጠችኝ፣ ባለ ሦስት እግር፣
የስንቱን እንግዳ ክብደት ችሎ የወዛ።
እሷ መሬት ላይ፣ ሰፌድ ከፊቷ፣
ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች።

ዕድሜ? ሃያ ስድስት።
ትምህርት? እስከ ስምንት።
የባል ሥራ? ሹፌር፤ ሚዛን፣ ቴፒ፣ ሲመለስ ቡና ጭኖ።
እስከዚህ ድምፅ ነበራት።

ሃያ አራት ላይ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።
መቁጠሪያው ቆመ።
ወደ መጋረጃው አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ፣
ከዚያ አንዲት ፍሬ አንስታ
ሰፌዱ ጠርዝ ላይ ለብቻዋ አኖረቻት።
አንድ ሰው? አልኳት በዓይኔ።
ታዲያ ስንት ይሁን! አለችኝ በቅንድቧ።

እንዲህ ተግባባን።
መጀመሪያ ጊዜ፣ ስንት ዓመትሽ ነበር?
አንድ አንድ እያለች ደረደረች፣
አሥራ አምስተኛዋን ግን ቶሎ አልለቀቀቻትም፣
ጣቷ መሐል ትንሽ አዟዟረቻት።
ኮንዶም? ባዶ መዳፍ።
ምርመራ? ሁለት ጊዜ፣ ሁለቱንም እርጉዝ ሆና፤
እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ አሳየችኝ።
ጥጉ ላይ የተኛው ልጅ ግን አንድ ነው።
እሱን የሚጠይቅ ጥያቄ አልነበረኝም።

ሠላሳ አንድ።
“ባለቤትዎ ከእርስዎ ሌላ…” ይላል ወረቀቱ፣ በአንቱታ፣ በጨዋ ደንብ፤
አዎ፣ አንድ። የለም፣ ሁለት።
አላውቅም፣ ሰማንያ ስምንት።
መልስ አልሰጠችም፣ ዘጠና ዘጠኝ።

አንድ ፍሬ አነሳች።
ሳትልጣት፣ በአውራ ጣቷ፣ ሰፌዱ ላይ
ጨፈለቀቻት።
ሽታው ክፍሉን ሞላ፣ መጋረጃውን አለፈ፤
አማቷ አስነጠሱ።
“ምነው ዝም አላችሁ?” ብለው በስሟ ጠሯት፤
እኔ ግን ስም አይጻፍም ብያለሁ፣
እዚህም አልጽፈውም።
“ስለ ወባ ነው እማ፣” አለች፣ “ስለ አጎበር።”
“አዎ፣ ስለ አጎበር፣” አልኩ እኔም፤
የተማርኩት ሥነ ምግባር በሩ ላይ፣ ከጫማዬ ጋር ቀርቶ።

ለመነሳት ስሰናዳ እጄን ያዘች።
ያልተላጠች አንድ ፍሬ መዳፌ ላይ አድርጋ
ጣቶቼን አጠፈቻቸው፣
አገጯንም ቀና፦
አንቺስ?

ለዚህ አልሠለጠንንም።
“ተመርመሩ” እያልኩ ቤት ለቤት የዞርኩት እኔ፣
ከጤና ጣቢያው በር ሁለት ጊዜ የተመለስኩት እኔ፣
አንድ ጊዜ ሰልፉ ረዘመብኝ ብዬ፣
አንድ ጊዜ ሰልፍ ስላልነበረ።
ፍሬዋን ሰፌዱ ላይ ማኖርም፣ መመለስም አቃተኝ፤
ይዣት ወጣሁ።

ማታ ዘይኑ፣ ተቆጣጣሪያችን፣ ፎርሞቹን ሲያገላብጥ
“መቶ አራት፣ ሠላሳ አንድ ባዶ ነው፤
ዘጠና ዘጠኝ ሙይው” አለኝ።
“መልሳለች” አልኩት።
“ታዲያ ኮዱ?”

በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጥቤያለሁ።
እስክሪብቶውን ሳነሳ ግን ሽታው ከጣቴ አልለቀቀም።
ነገ ቦሳ ኪቶ ነው፣ አሥራ ሁለት ቤት፤
ጤና ጣቢያው በመንገዴ ላይ ነው፣
ሁለት ሰዓት ይከፈታል።
ኪሴን ዳበስኩ፤
አለች።